ድርና መረብ በትምህርት ቤት፦ በበይነመረብ ስለሚሰጥ ትምህርት ጥቅምና ጉዳት፣ ከስያሜ አንጻር

በትምህርት ቤቶቻችን ለጽሑፍ መልመጃና ለክርክር ከሚሰጡት ርእሶች መካከል «የኢንተርኔት ጥቅምና ጉዳት» የሚለው እጅግ ከተለመዱት አንዱ ሆኗል። ተማሪው ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ በአንደኛው ወገን ጥቅሙን፣ በሌላው ወገን ጉዳቱን ይደረድራል፤ መምህሩም ሁለቱ ወገኖች ሚዛን ከደፉለት ጥሩ ማርክ ይሰጣል። ነገር ግን ጽሑፎቹ በጥንቃቄ ሲነበቡ የሚደረደሩት ነጥቦች ስለ አንድ ነገር የተነገሩ ሆነው አይገኙም። አንዱ «ኢንተርኔት» ሲል መምህሩ በቴሌግራም የላከለትን የመልመጃ ቅጂ ማለቱ ነው፤ ሌላው በስልክ የሚመለከተውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማለቱ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ታላላቆቹ «ፕላዝማ» ይሉት የነበረውን የሳተላይት ትምህርት ሳይቀር ከዚሁ ይቆጥረዋል። ቃሉ አንድ ሲሆን ነገሩ ብዙ በመሆኑ ክርክሩ አይገናኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረመሩ፣ የስያሜው መደባለቅ በትምህርቱ ላይ ምን እንዳስከተለ ማመልከት ነው።

ለምርመራው አቃቂ ቃሊቲን መነሻ ማድረግ ያለ ምክንያት አይደለም። ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በፊት የኢትዮጵያ ድምፅ በአየር ሞገድ ወደ ውጭው ዓለም የተላለፈው በአቃቂ ከተተከለው የራዲዮ ጣቢያ ነበር። በዚያው አካባቢ በቂሊንጦ ዛሬ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ የተቋቋመውም በ2003 ዓ.ም. ነው። በዩኒቨርሲቲውና በአሮጌው የባቡር ጣቢያ መካከል ደግሞ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የአነስተኛ ነጋዴዎችና የገበሬዎች ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ መረቡን እንደ ልብ የሚያገኝና ለአንድ ሰዓት ዳታ ገንዘብ የሚያጠራቅም ተማሪ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ።

ከሁሉ በፊት «ድር»ን እንመልከት። «ድረ ገጽ» የሚለው ጥምር ቃል ከመፈጠሩ አስቀድሞ ድር በሸማኔው ጕድጓድና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የታወቀ የሙያ ቃል ነው፤ በቁመት የሚዘረጋው ፈትል ድር፣ በአግድም የሚወረወረው ማግ ይባላል። ለአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ይህን ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከዚህም በተጨማሪ ድር የሸረሪት ሥራ ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት የማያውቅ ተናጋሪ አይገኝም። የውጭው ቋንቋም ስያሜውን ያመጣው ከዚሁ ከሽመናና ከሸረሪት በመሆኑ ትርጉሙ የተሳካ ነው። ኦሮምኛም «መርሰሪቲ» ሲል የሸረሪቷ ስም በውስጡ ይሰማል። ጉድለቱ በሁለተኛው ክፍል ነው። «ገጽ» አንድ ቅጠል ብቻ ያመለክታል፤ ድረ ገጽ የምንለው ግን ብዙ ገጾችን የያዘ ሙሉ ስፍራ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «በድረ ገጹ አሥረኛ ገጽ ላይ» ለማለት ሲገደድ ቃሉ ከራሱ ጋር ይጋጭበታል። እስካሁን የተሻለ ምትክ አልቀረበም፤ ቃሉም ስለ ለመደ መንቀሉ ዛሬ ከጥቅሙ ችግሩ ያመዝናል።

«መረብ» ከግእዙ «መርበብት» ጋር ዘመድ ነው፤ ትግርኛም «መርበብ» የሚለውን ይዞ «መርበብ ሓበሬታ» ብሏል። የዓሣ አጥማጁን መሣሪያ ከግቡ መረብ ጋር ያስታውሳል። «በይነ» ደግሞ በግእዝ «መካከል» ማለት ሲሆን «በይነ መንግሥታት» በሚለው ስያሜ አስቀድሞ አገልግሏል። «በይነመረብ» እንግዲህ የውጭውን ቃል ክፍል በክፍል የተከተለ ቀጥተኛ ትርጉም ነው። አመሠራረቱ ሕግ የጠበቀ ነው፤ ቢሆንም በጋዜጣና በዜና ማሰራጫ እንጂ በአንደበት እምብዛም አልተተከለም። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ሲገባ ስሙን ይዞ ገባ፤ ተናጋሪው ከዚያ ወዲህ አሳጥሮ «ኔት» አለው። ልብ ሊባል የሚገባው «ኔት» የ«ኢንተርኔት» አሕጽሮት ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። «ኔት የለም»፣ «ኔቱ ደካማ ነው» ሲባል የሚነገረው ስለ መረቡ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት፣ በዚያች ቦታ መገናኘት ስለ መቻል ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለቱን በአንድ ፍች ቢያጠቃልል ስሕተት ይሠራል።

ባዕድ ቃል በመሆኑ ብቻ «ኢንተርኔት»ን ማባረር ይገባል የሚል አስተያየት በየጊዜው ይነሣል። በዚህ አልስማማም። «ስልክ» በዓረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ ያለ ሽቦ የሚሠራውን በኪሳችን ይዘን ስንዞር እንኳ ስሙ ስልክ ነው፤ አማርኛም በዚህ አልተጎዳም። በአንጻሩ «የይለፍ ቃል» እጅግ የተሳካ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ ከኮምፒዩተር በፊት በዘበኛና በሠራዊት ዘንድ ይታወቅ ነበር። ሥራው ቀድሞ ለታወቀ ነገር የተሰጠ ስያሜ ቶሎ ሥር ይሰዳል ማለት ይቻላል።

ወደ ክፍል እንግባ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር፣ ሕዝቡ ለትምህርቱ የመሣሪያውን ስም ሰጠው፤ «ፕላዝማ» አለው። «ዛሬ ፕላዝማ አለን»፣ «በፕላዝማ ተማርን» ይባል ነበር። በፊዚክስ ፕላዝማ የቁስ አካል አንድ ሁኔታ ነው፤ በሥነ ሕይወት ደግሞ የደም ፈሳሽ ክፍል ነው፤ ተማሪው ሁለቱንም ከፕላዝማ በፕላዝማ ሲማር ምን እንደሚያስብ ለመገመት አያስቸግርም። ከቀልዱ ወጥተን ስንመለከተው ግን ስያሜው አንድ ትልቅ ነገር ሸፍኗል። ፕላዝማ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነበር፤ ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይተላለፋል፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ስርጭቱ ይወስዳል፤ መምህሩ ለመክፈቻና ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ያገኛል። ፍጥነቱንና ቋንቋውን መከተል ያልቻለው ተማሪ ብዙ ነበር። ሆኖም የላቦራቶሪ ዕቃ በሌለበት ትምህርት ቤት ሙከራው በዓይን መታየቱ የማይናቅ ጥቅም ነበረው። ይህ ሁሉ የሳተላይት ቴሌቪዥን ጥቅምና ጉዳት ነው። ዛሬ ግን በብዙ ጽሑፍ በ«ኢንተርኔት» መዝገብ ላይ ሲጻፍ ይገኛል፤ መጠየቅና መልስ ማግኘት የሚቻልበት መረብ መጠየቅ በማይቻልበት ስርጭት ጥፋት ይከሰሳል።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። አዲስ አበባ የ1986 ዓ.ም.ን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትላ ለረጅም ዓመታት በሠራችበት ሥርዓት፣ ልጁ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ በሰባተኛ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። በአማርኛ «ክፍልፋይ» ብሎ የተማረውን በማግሥቱ በሌላ ስም ያገኘዋል። መረቡ እዚህ ላይ ሁለት ፊት አለው። በእንግሊዝኛ ለሚፈልግ ሰው የማያልቅ ጎተራ ነው፤ በአማርኛ ለሚፈልግ ግን፣ በተለይ በሳይንስ፣ ከጎተራው ሥር የቀረ ጥሬ ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የደከመበት ሥራ በመጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል፤ ሆኖም ከተማሪው ስልክ ላይ በቀላሉ አይደርስም። ስያሜው ተፈጥሮ ሳለ የሚያስተላልፈው መንገድ ሲታጣ፣ ተርጓሚው በየጊዜው አዲስ ቃል ይፈጥራል፤ ለአንዱ ጽንሰ ሐሳብ አራት ስም ይበቅላል።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሌላ ስያሜ ፈተና ላይ ወደቀ። «የርቀት ትምህርት» ከዚያ በፊት ትርጉሙ የታወቀ ነበር፤ ሞጁል በእጅ ይዞ በየራስ ጊዜ ማጥናት ማለት ነው። በዚያ ዓመት ግን ራዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ በቴሌግራም የሚላከው ወረቀትም፣ በቪዲዮ ፊት ለፊት እየተያዩ የሚሰጠው ትምህርትም በአንድ ስም ተጠራ። ወላጅ «ልጄ የርቀት ትምህርት ይከታተላል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ በቃሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ለተርጓሚዎች የምመክረው ርቀትን ከመሣሪያውና ከጊዜው እንዲለዩ ነው፦ «በራዲዮ የሚሰጥ»፣ «በበይነመረብ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ»፣ «በበይነመረብ በየራስ ጊዜ የሚከታተሉት» ማለት ረዘም ይላል፤ ግን አያሳስትም። (በነገራችን ላይ «ቴሌግራም» ለአያቶቻችን በፖስታ ቤት የሚላክ አስቸኳይ መልእክት ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሞት መርዶ ይዞ ይመጣ ነበር። የልጅ ልጃቸው የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይቀበላል። አንድ ቃል በሁለት ትውልድ ይህን ያህል ሲለወጥ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለቱንም ፍች ከነዘመናቸው ማስፈር ይኖርበታል።)

ከግሶች መካከል በጣም የሚያደናግረው «መጫን» ነው። አህያ ይጫናል፤ ደወል ይጫናል፤ «እዚህ ይጫኑ» የሚል ትእዛዝ በስልኩ ላይ ይነበባል፤ መተግበሪያ ይጫናል፤ የተሠራ የቤት ሥራም «ጫኑ» ተብሎ ይታዘዛል። መምህሩ «ፋይሉን ጫኑት» ብሎ ሲጽፍ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ በጣቱ ይነካዋል፣ ሌላው ወደ ስልኩ ያስገባዋል፣ ሦስተኛው መልሶ ለመምህሩ ይልከዋል፤ ሦስቱም በቋንቋው ሕግ ትክክል ናቸው። የትምህርት መመሪያ የሚተረጕም ሰው ለመተግበሪያው «መጫን»ን፣ ለጣቱ «መንካት»ን፣ ለቤት ሥራው «መላክ»ን ወይም «ማስገባት»ን ቢመድብ ችግሩ ይቃለላል። «ማውረድ» ግን ያለ ክርክር ተቀባይነት አግኝቷል፤ ዕቃ ከመደርደሪያ እንደሚወርድ ፋይልም ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቁት በፈተና ሰሞን የሚነገሩት ግሶች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ ፈተናው ተሰረዘ። እንደገና በተሰጠበት ክረምት የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ለቀናት ታገዱ። በ2009 ዓ.ም. በፈተናው ወቅት ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋረጠ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም.ም እንዲሁ። ሰዉ በ2008 «ፈተናው ወጣ» አለ። «ወጣ» ግን በሌላ ጊዜ «ፈተናው ተዘጋጅቶ ቀረበ» ለማለት የምንጠቀምበት ግስ ነው። «ተሰረቀ» ሌባ መኖሩን ይናገራል፤ «አፈተለከ» ዕቃው ራሱ ቀዳዳ እንዳለው ይጠቁማል። ስለ መዘጋቱም እንደዚሁ፦ «ኔት ጠፋ» የሚለው ባለቤት የሌለው ነገር ነው፤ መብራት እንደሚጠፋ ይጠፋል። «ተቋረጠ» ብልሽት ይሁን ትእዛዝ አይለይም። «ተዘጋ» የዘጋ እንዳለ ያሳያል። በዚያ ሰሞን ለፈተና የማይቀመጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጽሑፉን በመረቡ የሚያስረክበው ተመራማሪ፣ ከውጭ አገር መምህር ጋር የሚማረው ሁሉ አብሮ ቆሟል። ስለዚህ ጕዳይ ሪፖርት የሚተረጕም ሰው የሚመርጠው ግስ ኃላፊነቱን ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል፤ ውሳኔው የእርሱ እንዳይሆን ምንጩን መከተል አለበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ የዚያው ፈተና ከፊል ተፈታኞች ፈተናውን በኮምፒዩተር፣ በበይነመረብ መውሰዳቸው ነገሩን አስገራሚ ያደርገዋል፤ ለፈተናው ሲባል ይዘጋ የነበረው መረብ የፈተናው መስጫ ሆነ።

በመጨረሻ ስለ ፊደል። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት በዩኒኮድ የተካተተው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ይህ ባይሆን ኖሮ በአማርኛ መፈለግ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ይሁንና ስለ ሞክሼ ፊደላት የቆየው ክርክር እዚህ ላይ አዲስ መልክ ይዞ ይመለሳል። በወረቀት ላይ «ሥነ ሕይወት» ተብሎ ቢጻፍ «ስነ ህይወት» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ አይቸገርም። ኮምፒዩተሩ ግን «ሥ»ና «ስ»ን እንደ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይቈጥራል፤ ስለዚህ መፈለጊያው ሁለቱን እንዲያቻችል ካልተዘጋጀ በአንደኛው የጻፈ ተማሪ በሌላው የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል፤ ከዚያም «በአማርኛ ምንም የለም» ብሎ ወደ እንግሊዝኛው ይሄዳል። ፊደላቱን ይቀነሱ ወይስ ይጠበቁ የሚለው ክርክር እስኪቋጭ ድረስ፣ የሙያ ቃላት ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሁሉ በእያንዳንዱ ቃል አንጻር በልማድ የሚጻፉትን ሌሎች አጻጻፎች ማስፈርና ወደ ዋናው መምራት ይኖርበታል። በወረቀት መዝገበ ቃላት ይህ ቦታ የሚያባክን ትርፍ ነገር ነበር፤ በመረብ ላይ ግን ተማሪው ቃሉን የሚያገኝበት በር ነው።