እሳት ያልደረሰበት ቤት ለምን ይከፍላል?

የሎስ አንጀለስ ወገኖቻችን ፌርፋክስ ላይ ቡና ይዘው ሲቀመጡ የቤት ኢንሹራንስ ማደሻ ደብዳቤ ሳይነሳ አይቀርም። «ከፓሊሴድስ ኮረብታ ስንት ማይል ርቄ ነው የምኖረው፤ ጭማሪው ከየት መጣ?» ይላል ባለቤቱ። ጎኑ ያለው ደግሞ፣ ፌር ፕላን የሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ ለተቃጠለባቸው ሀብታሞች እየከፈለ ነው ብሎ ያስረዳዋል።

ማብራሪያው ስህተት ነው። («ሀብታሞች» የሚለውም አልታዲናን ይረሳል፤ እዚያ የተቃጠለው የብዙ ጥቁር ቤተሰቦች የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው።) ፌር ፕላን በመንግሥት በጀት አይተዳደርም። በካሊፎርኒያ የንብረት ኢንሹራንስ የሚሸጡ ኩባንያዎች በሕግ ተገደው የገቡበት እድር ነው በሉት። ሌላው አልቀበልም ያለውን ቤት ይቀበላል፤ ካዝናው ሲጎድል አባላቱ በገበያ ድርሻቸው ልክ ያዋጣሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በፓሊሴድስና በአልታዲና ሰደድ እሳት ከ16 ሺህ በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ከወደሙ በኋላ መዋጮው 1 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። ደንቡ ደግሞ ኩባንያዎቹ ግማሹን ከደንበኞቻቸው እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል። ጭስ እንኳ ያልሸተተው ቤት የሚከፍለው በዚህ መንገድ ነው።

እድሩ ለምን እንዲህ አበጠ? የ1988ቱ ሕዝበ ውሳኔ አረቦን ከመጨመሩ በፊት የተቆጣጣሪው ፈቃድ እንዲጠየቅ አዘዘ። ተቆጣጣሪው የሰደድ እሳትን ስጋት የሚያሰላው ባለፉት 20 ዓመታት ኪሳራ አማካይ ነበር፤ የወደፊቱን የሚተነብይ ሞዴልም ሆነ የጠለፋ መድን (ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሚገዙት ኢንሹራንስ) ወጪ በአረቦን ውስጥ መግባት አይችልም ነበር። የአየር ጠባዩ ባለበት ቢቆም አማካዩ ባልከፋ። ግን ሁለት እርጥብ ዓመታት ቁጥቋጦውን አሳደጉት፤ ቀጥሎ ወራት ሙሉ ዝናብ ጠፋ፤ የሳንታ አና ነፋስ የደረሰው በዚህ ላይ ነው። ይህን ትናንት አይነግርህም። ዋጋ ሲታፈን ስጋቱ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም የሚለው የቆየ ሙግቴ ነው፤ እዚህም ስጋቱ ተጠራቅሞ የተገኘው ፌር ፕላን ውስጥ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያው ስቴት ፋርም በ2023 በካሊፎርኒያ አዲስ የንብረት ውል መሸጥ አቆመ፤ በ2024 ወደ 72 ሺህ ውሎች እንደማያድስ አስታወቀ። የአረቦን ስሌቱ ደንብ የተሻሻለው እሳቱ ሊነሳ ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

የእሳቱን ኪሳራ አኃዝ በተመለከተ፣ የአየር ትንበያ ድርጅቱ አኩዌዘር አጠቃላዩን ከ250 ቢሊዮን ዶላር በላይ አለ፤ የጠለፋ መድን ኩባንያው ሙኒክ ሪ በኢንሹራንስ የተሸፈነውን ብቻ 40 ቢሊዮን አካባቢ አደረገው። የሚለኩት የተለያየ ነገር ቢሆንም እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ ቼክ የሚጽፍ ሰው ቁጥር ሲጠራ ይጠነቀቃል።

ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም የሚል ካለ፦ ስቴት ፋርም በ2025 አጋማሽ የተፈቀደለት ጭማሪ ለቤት ባለቤቶች 17 በመቶ፣ ለተከራዮች 15 በመቶ፣ ለሚከራዩ ቤቶች ባለንብረቶች ደግሞ 38 በመቶ ነበር። ደብዳቤው ሲደርስ ጠቅላላውን ድምር ብቻ አይተው አያስቀምጡት። የእድሩ መዋጮ ከአረቦኑ ተለይቶ «ጊዜያዊ ተጨማሪ ክፍያ» በሚል መስመር ይጻፋል።