በረራ ሲዘገይ፦ አብሮ የወጣ አብሮ እንዲደርስ

የትምህርት ዘመኑ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ከቢሯችን በብዛት የሚወጣው ወረቀት ለኤምባሲዎች የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ተማሪዎቻችን ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለስፖርት ውድድር፣ ለትምህርት ዕድል ወይም አገር ለማየት ሦስትም አራትም ሆነው ይጓዛሉ። ወላጆች ስለ ቪዛውና ስለ ትኬቱ ዋጋ አጥብቀው ይጠይቁናል። በረራው ቢዘገይስ? ሻንጣው ቢቀርስ? ከጓደኛሞቹ አንዱ አልፎ ሌላው ቢታገድስ? ብሎ የሚጠይቀን ግን ጥቂት ነው። በዘንድሮው መጽሔት ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ የፈለግነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ኤርፖርት ውስጥ ጓደኛሞችን የሚለያያቸው ብዙውን ጊዜ ወረቀት ነው፤ ለየብቻ የተቆረጠ ትኬት፣ የተለያየ ፓስፖርት፣ በአንድ ፊደል የተዛባ ስም። ይህ ሁሉ ከቤት ሳይወጡ ሊታይ የሚችል ነገር ነው።

በረራ ለምን ይዘገያል?

ብዙ ተሳፋሪ ሰሌዳው ላይ «ዘግይቷል» የሚለውን ሲያይ አየር መንገዱ ቸል ያለው ይመስለዋል። ይህ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን መዘግየት እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። አንድ አውሮፕላን በቀን ውስጥ ወደ በርካታ ከተሞች ይመላለሳል። ጠዋት ኪጋሊ ላይ አርባ ደቂቃ የዘገየ አውሮፕላን ወደ ኢንቴቤ የሚሄዱትን፣ ከዚያም ወደ ናይሮቢ የሚመጡትን መንገደኞች ሁሉ ሊያዘገይ ይችላል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ «በአየር ጠባይ ምክንያት» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ዝናቡ የጣለው አውሮፕላኑ በሚመጣበት ከተማ ሊሆን ይችላል። አብራሪዎችና የበረራ አስተናጋጆች ያለ ዕረፍት የሚሠሩበት ሰዓትም በሕግ የተወሰነ ነው። ሰዓታቸው ካለቀ፣ አውሮፕላኑ ዝግጁ ቢሆንም ተተኪ ሠራተኞች እስኪመጡ ይጠበቃል።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የአዲስ አበባው ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይበልጥ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ የክንፉ የማንሳት ኃይልና የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳሉ። ስለዚህ አውሮፕላኑ አንዳንድ ጊዜ ጭነት ቀንሶ መነሳት ግድ ይሆንበታል። ከሚቀነሰው ጭነት አንዱ የመንገደኛ ሻንጣ ሊሆን ይችላል።

ማንም ሊከላከላቸው የማይችሉ ምክንያቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በጁን 2011 በኤርትራ የናብሮ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በአካባቢው በረራዎች ተስተጓጉለዋል። በኖቬምበር 2025 በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ደግሞ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ ሕንድ ደርሷል፤ እዚያም በረራዎች ተሰርዘዋል። አመዱ የሚፈራው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ በሙቀቱ ስለሚቀልጥና መልሶ ስለሚጋገር ነው። እዚሁ ናይሮቢም ኦገስት 7 ቀን 2013 በጆሞ ኬንያታ ኤርፖርት የደረሰው እሳት የዓለም አቀፍ መንገደኞች መቀበያውን ሕንፃ ሲያወድም፣ ወደዚህ ይመጡ የነበሩ አውሮፕላኖች ወደ ሌሎች ከተሞች ተዘዋውረዋል። በእንዲህ ያለው ቀን ባንኮኒው ላይ የቆመችው ሠራተኛ ከእኛ የተለየ ሥልጣን የላትም።

ሰዓት፣ ቀንና ስም

የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የተለየ ፈተና የሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 08:00 የሚለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ይህን ሰዓት «ሳ ምቢሊ» ይሉታል፤ ማለትም ሁለት ሰዓት። ስለዚህ አያት በአማርኛ፣ የታክሲ ሹፌሩ በስዋሂሊ፣ ትኬቱ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ የትኛው ሰዓት እንደተባለ ደግሞ መጠየቅ አያሳፍርም።

ከዚህ የባሰው የእኩለ ሌሊት በረራ ነው። ትኬቱ «እሑድ 00:30» ካለ፣ በእኛ አነጋገር ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡30 ማለት ነው። ኤርፖርት መድረስ የሚገባው ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡30 ገደማ ነው። እሑድ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። የትኬት ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ከአራት ጓደኛሞች አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ከሞላ ስህተቱ የሚታየው ቼክ ኢን ላይ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ስንጽፍም «ፀ»ን አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሁለት ፊደል ይጽፈዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስሙ ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ይገልበጥ። የትውልድ ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ በፓስፖርቱ፣ በቪዛውና በትምህርት ማስረጃው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ይረጋገጥ።

የጤና ወረቀትንም እናስታውስ። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በጉዞው ዋዜማ የተከተበ ልጅ ካርዱን ቢይዝም ካርዱ ገና አልጸናም። ከጁላይ 2016 ወዲህ ግን አንዴ የጸና ማስረጃ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

አንድ ጉዞ፣ የተለያየ ፓስፖርት

በትምህርት ቤታችን አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሁለት ልጆች የሁለት አገር ፓስፖርት ሊኖራቸው ይችላል። ክፍል ውስጥ ይህ ምንም ለውጥ የለውም። ትራንዚት ላይ ግን አለው። የአውሮፓ የሸንገን አገሮች በጋራ ዝርዝራቸው የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የሶማሊያን ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ከኤርፖርቱ ሳይወጣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠይቁታል። እንደ አሜሪካ ወይም ካናዳ ላሉ አገሮች የጸና ቪዛ የያዘ ሰው ከዚህ ነፃ ነው፤ ሆኖም ነፃነቱ ኤርፖርቱ ውስጥ ለማለፍ እንጂ ወደ ከተማ ለመውጣት አይደለም።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በረራ ሲዘገይ ነው። ካለፉት ዓመታት በአንዱ አራት ተመራቂዎቻችን ወደ ካናዳ ሲጓዙ በአንድ የአውሮፓ ከተማ አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ማደር ግድ ሆነባቸው። አየር መንገዱ ለሁሉም የሆቴል ወረቀት ሰጠ፤ ሆቴሉ ግን ያለው ከኤርፖርቱ ውጭ ነበር። ሁለቱ የአውሮፓ ፓስፖርት ስለነበራቸው መውጣት ይችሉ ነበር፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙት ሁለቱ አይችሉም። አራቱ ከመሄዳቸው በፊት እዚህ ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው «አንዳችን ብንታገድ ሌሎቻችን ምን እናደርጋለን?» በሚለው ላይ ተነጋግረው ነበር። ስለዚህ አልተከራከሩም። ብርድ ልብስና ውኃ ጠይቀው በየተራ እየተኙ፣ በየተራ ሻንጣ እየጠበቁ አነጉ። አንዷ የሆቴሉን አልጋ እስከ ዛሬ እየቆጨች ታነሳዋለች። አብራ ማደሯን ግን አትጸጸትበትም።

ሁልጊዜ እንዲህ ማድረግ ይቻላል ማለታችን አይደለም። የታመመ ካለ ማረፍ አለበት። በሚቀጥለው በረራ ሁለት ወንበር ብቻ ከተገኘ ቡድኑ ሊከፈል ይችላል። የምንመክረው ሁለት ነገር ነው፤ የጉዞው መስመር የሚመረጠው በቡድኑ ውስጥ ወረቀቱ ብዙ ገደብ ላለበት ልጅ በሚመቸው መንገድ ይሁን፤ መከፈል ግድ ሲሆንም ማንም ብቻውን አይቅር፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ በፍጹም።

ትኬቱም በአንድ ላይ ቢቆረጥ ይመረጣል። ጓደኛሞች በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ከተመዘገቡ፣ በረራው ሲሰረዝ አየር መንገዱ አብረው እንደሚጓዙ ያውቃል። ለየብቻ ከቆረጡ ለሲስተሙ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እንዲሁም እስከ መጨረሻው መድረሻ በአንድ ትኬት የሚሄድ ሰው ፊተኛው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው አየር መንገዱ ሌላ በረራ ይፈልግለታል። ርካሽ ነው ብሎ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች የገዛ ግን በአብዛኛው ሁለተኛውን ከኪሱ እንደገና ይገዛል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው።

ሻንጣ ሲቀር

ሻንጣ ስናስረክብ በሚታሰርበት ወረቀት ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ፤ የመድረሻው ከተማ ምልክት ናቸው። አዲስ አበባ «ኤ ዲ ዲ»፣ ናይሮቢ «ኤን ቢ ኦ»፣ ጅቡቲ «ጄ አይ ቢ» ነው። ከባንኮኒው ሳይርቁ እነዚህን ፊደላት ማየትና የተሰጠችውን ቁራጭ ወረቀት መያዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሻንጣው ካልመጣ ከመቀበያው አዳራሽ ሳይወጡ ማመልከትና የማመልከቻውን ቁጥር መቀበል ያስፈልጋል። ኬንያም ኢትዮጵያም የተቀበሉት የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ተጎድቶ ለመጣ ሻንጣ ከተረከቡት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ለመጣ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። በ21 ቀን ውስጥ ያልመጣ ሻንጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ለተገዛ ልብስና ሳሙና ደረሰኝ ይቀመጥ።

ጓደኛሞች አንዱ የሌላውን ቅያሬ ልብስ በሻንጣው ቢይዝ የአንዱ ሻንጣ ሲቀር ሁለቱም ያልፍላቸዋል። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ የትምህርት ማስረጃና ፓወር ባንክ ግን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ፓወር ባንክማ በሚረከብ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። የእናት ስንቅም ይታሰብበት። ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በብዙ ኤርፖርቶች በእጅ ቦርሳ አያልፍም፤ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ደግሞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች አይገቡም። ለአክስት የተላከ ቅቤ ጉምሩክ ላይ ሲወረስ ማየት ያሳዝናል።

በመዘግየቱ ሰዓት

መጀመሪያ መረጃ ይጠየቅ፤ ምክንያቱ ምንድን ነው? አዲሱ ሰዓት ስንት ነው? ተያያዡ በረራ ይጠብቀናል? ሁሉም ባንድ ጊዜ ባንኮኒውን ከሚከቡ አንዱ ይናገር፣ አንዱ ይጻፍ፣ ሌሎቹ ዕቃ ይጠብቁ። አነጋገርም ወሳኝ ነው፤ «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንደሚባለው፣ ሲሰደብ የዋለ ሠራተኛ በትሕትና ለጠየቀው ልጅ ሌላ መንገድ ሊፈልግለት ይችላል።

ትሕትና መብትን መተው ግን አይደለም። ከአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርት የሚነሳ ማንኛውም በረራ የሚገዛበት ደንብ ቁጥር 261/2004 ረጅም ሰዓት ለሚጠብቅ መንገደኛ ምግብና መጠጥ፣ ማደር ግድ ከሆነም ማረፊያ እንዲሰጠው ያዝዛል። ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነና መንገደኛው 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰ እንደ ርቀቱ እስከ 600 ዩሮ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። እንደ አመድና ማዕበል ባለ ምክንያት ካሳ አይከፈልም፤ ምግቡና ማረፊያው ግን አይቀርም። በሌላ ቦታ ደግሞ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ውል ማንበብና «ምን ታደርጉልናላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ለወላጆች። ልጅ «ዘግይተናል» ብሎ ሲደውል በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ጋር ነህ?» ይሁን፤ የሰዓቱና የገንዘቡ ነገር ቀጥሎ ይመጣል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ በቡድን ለሚጓዙ ተማሪዎች የድጋፍ ደብዳቤ የምንጽፈው ጓደኛሞቹ ከወላጆቻቸው ጋር አብረው ሲመጡ ይሆናል። ፓስፖርቶቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተን ስሙን፣ ቀኑንና የሚያልፉበትን ከተማ አብረን እናያለን። ግማሽ ሰዓት ቢወስድብን ነው።