«አይ7 ነው እኮ!» ሲሏችሁ ቁጥሩን አንብቡ

«ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻላል?» የሚል መልእክት በቴሌግራም ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ብዙዎቹ ጠያቂዎች እስከ ዛሬ ሁሉን ነገር በስልካቸው ሲሠሩ የቆዩ ናቸው። እውነት ነው፣ ስልክ ብዙ ያስኬዳል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ኤክሴል ወይም ኮዲንግ ሲመጣ ግን አያዛልቅም። አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ ለተማሪ ኪስ የማይቀመስ ሆኗል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ፊቱን ወደ ያገለገለ ዕቃ ያዞራል። እኔም የምመክረው እሱኑ ነው፤ መግዛት ያለባችሁ ግን ሻጩ የሚያሞግሰውን ሳይሆን ራሳችሁ ያረጋገጣችሁትን ነው።

ገበያው ውስጥ በጣም የሚያሳስተው «ኮር አይ7» የሚለው ስም ነው። በቅርቡ ጎረቤቴ ዕቁብ ወጥቶላት ለልጇ ላፕቶፕ ልትገዛ ስትሄድ አብሬ ሄጄ ነበር። ሻጩ መጀመሪያ ያቀረበልን አይ7-7600ዩ የሆነውን ነው። ጥግ ላይ ደግሞ አይ5-8250ዩ ያለው ሌላ ላፕቶፕ በቀነሰ ዋጋ ተቀምጧል። እሱን ስመርጥ ጎረቤቴ ግራ ገባት፤ «አይ7 ከአይ5 አይበልጥም እንዴ?» አለችኝ።

ሁልጊዜ አይበልጥም። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይናገራል፤ 7600 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ፣ 10210 ደግሞ አሥረኛ ትውልድ ነው። ያ አይ7 ሥራውን የሚካፈሉ ሁለት ኮሮች ብቻ ሲኖሩት አይ5ቱ አራት አለው። ብዙ ነገር አንድ ላይ ሲከፈት አይ5ቱ ጥሎት ይሄዳል። ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። የዕቁብ ብር በየወሩ አይወጣም፤ የተገዛው ዕቃ ቢያንስ ልጅቷን እስክትመረቅ ማድረስ አለበት።

ሁለተኛው ማየት ያለባችሁ ዲስኩን ነው። «1 ቴራ ነው» ተብላችሁ አትደለሉ። የሚሽከረከረው የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ለተማሪ ይሻላል።

ሦስተኛው ራም ነው። 8 ጊጋ መነሻ ይሁን። ዛሬ ብር ካጠረ ነገ መጨመር የሚቻልበትን ምረጡ። ለምሳሌ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ ኤክስ1 ካርበን ግን ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በገዛችሁት መጠን ትቀራላችሁ። ለቢሮ ተብለው የተሠሩት ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲዩድና ኤችፒ ኤሊትቡክ በአብዛኛው ጠንካራ ናቸው፤ መለዋወጫቸውም ብዙ አያስቸግርም።

ይህን ሁሉ ለማጣራት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስትከፍቱ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠንና ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ ይሁን አይሁን ይታያል። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ ክፈቱና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ባትሪው በዚያች ጊዜ ወደ ግማሽ ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስላችሁ፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ባትሪ ቀልድ አይደለም። የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ነካኩ። በመጨረሻ አጥፍታችሁ ስታስነሱ በቲንክፓድ ኤፍ1፣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10 እየተጫናችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላነሳላችሁ ትታችሁ ውጡ፤ የቀድሞው ባለቤት የቆለፈውን መክፈት ኋላ ራስ ምታት ነው።

ቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም አውቶካድ ለምትሠሩ ነገሩ ይለያል። 16 ጊጋ ራምና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋችኋል። በተመሳሳይ ብር ዴስክቶፕ የበለጠ አቅም ይሰጣችኋል፤ ዩፒኤስ ግን አብራችሁ አስቡ፣ አለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር ያላስቀመጣችሁት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ቤት ውስጥ አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ለመጣል አትቸኩሉ። ኤስኤስዲ አስገብታችሁ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንት ብትጭኑበት ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለኮዲንግ ጀማሪ ይበቃል።

እንግዲህ ገበያ ስትወጡ ስልካችሁ ላይ ይህችን ብቻ ጻፉ፦ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ኤስኤስዲ፣ 8 ጊጋ ራም። ሻጩ «ፈትሹት» ካላላችሁ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግቡ።