በበረሃ በድንገት የተገኘው ሐይቅ

ደረቅ በረሃ ሐይቅ ሆኖ ቢያገኙት ምንጩን ከሰማይ ወይም ከከርሠ ምድር ይፈልጉ ይሆናል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳልተን ሐይቅ ግን ከሰው እጅ የመጣ ነው። የኮሎራዶ ወንዝ ደለል የመስኖውን ቦይ ስለ ደፈነው፥ የመስኖው ኩባንያ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. የወንዙን ዳር በሌላ ቦታ ቀደደ፤ መዝጊያ ግን አላበጀለትም። ምነው ቢሉ፥ ገንዘብም ጊዜም አጥሮት ነበር! በ1905 ዓ.ም. ጎርፉ ቀዳዳውን አሰፋውና ወንዙ ከሞላ ጐደል በሙሉ ከባሕር ወለል በታች ወዳለው ረባዳ ምድር ዞረ። ውሃው እየሞላ በመጣ ቍጥር የባቡሩ ሐዲድ እየተነቀለ ወደ ከፍታ ይሸሽ ነበር። በመጨረሻ የምድር ባቡሩ ኩባንያ ድንጋይ በፉርጎ እያጋዘ ቀዳዳውን የደፈነው በ1907 ዓ.ም. ነው። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ውሃው ዛሬ ከውቅያኖስ ይልቅ ጨው የበዛበት ሆኗል፤ ዳርቻው በሸሸበት መሬት ላይ የሚነሣውም አቧራ የነዋሪውን ሳንባ ያውካል።