ፀሐይ ያልነካው ደረት

በሳንባ ምች ታሞ የሚተነፍስበትን አቅም ያጣ ሕፃን ደረት ሲገለጥ፣ በጎድኖቹ መጋጠሚያ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ይታያሉ። የእጁ አንጓ ሰፍቷል፤ እርግብግቢቱ በጊዜው አልገጠመም፤ መቀመጥና መቆም የሚጀምርበት ጊዜም ዘግይቷል። ምልክቶቹ የሪኬትስ ናቸው፤ አጥንት በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት ሳይጠነክር ሲቀር የሚመጣ በሽታ። የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት በሆነች አገር ይህ በሽታ ምን ይሠራል?

ሪኬትስ ሲነገርለት የኖረው በጭጋግና በጭስ የተሸፈኑ የአውሮፓ ከተሞች በሽታ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ፖላንዳዊው ሐኪም ዬንድዤይ ሽኒያዴትስኪ የዋርሶ ልጆች ሲታመሙ የገጠሮቹ እምብዛም እንደማይነኩ አስተውሎ፣ ፍቱኑ ነገር ፀሐይ ነው ብሎ ጻፈ። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1919፣ ኩርት ሁልድሺንስኪ በርሊን ውስጥ የታመመን ልጅ አንድ ክንድ ብቻ በአልትራቫዮሌት መብራት አሞቀ። የዳነው ግን የሁለቱም ክንዶች አጥንት ነበር። ቆዳ ከብርሃን የሚሠራው ነገር በደም ተጉዞ መላ ሰውነትን ያዳርሳል ማለት ነው። ያ ነገር በኋላ ቫይታሚን ዲ ተባለ።

አዲስ አበባ ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና ባልደረቦቻቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳንባ ምች ሕሙማንን ምቹ ከሌለባቸው 500 ልጆች ጋር አነጻጸሩ። ከሕሙማኑ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ 20ው ብቻ። የቤተሰብ ብዛት፣ የቤት ጥበትና የጡት ማጥባት ልዩነት በሒሳብ ከታሰበ በኋላ እንኳ በዕድል ንጽጽር (odds ratio) ሲለካ ልዩነቱ ከ13 እጥፍ አልወረደም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት ታተመ።

ለምን ሳንባ? የለሰለሰ ጎድን ሕፃኑ አየር ሲስብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የደከመ ጡንቻም አክታን በሳል ገፍቶ ማውጣት ያቅተዋል። ሰውነት ጀርምን ለመከላከልም ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል። ተራ የመሰለ ጉንፋን በእንዲህ ያለ ደረት ላይ ሲያርፍ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ፀሐይ ሰማይ ላይ መኖሯ ብቻ ሕፃኑን አይጠቅመውም፤ ቆዳው ላይ ማረፍ አለባት። ሳሪስ አቦ አካባቢ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ገባ ባሉት ሰፈሮች፣ ብዙ አራስ የምትታረሰው በጠባብ የኪራይ ክፍል ወይም በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ነው። ሕፃኑ ምች እንዳይመታው፣ ብርድ እንዳይገባው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ይሸፈናል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ጥንቃቄ ነው፤ ነገር ግን የእናት ጡት ወተት፣ ለሕፃን ከሁሉ የሚበልጥ ምግብ ሆኖ ሳለ፣ በቫይታሚን ዲ በኩል ብቻውን አይበቃም። በመስኮት መስታወት የሚገባው ብርሃንም ቢሞቅ እንጂ አይሠራም፤ ቫይታሚኑን የሚያሠራው ጨረር በመስታወት አያልፍም።

ስለዚህ እናቶቻችን ጠዋት ጠዋት ልጅ ፀሐይ የሚያሞቁበት ልማድ ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ ነው። ክንድና እግሩ ይገለጥ፤ ዓይኑ ከጨረር ይከለል፤ ቆዳው ሳይቀላ ይግባ። ፀሐይ ማግኘት ለማይችል ሕፃን የቫይታሚን ዲ ጠብታ እንዲታዘዝለት ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይገባል። ትንፋሹ የፈጠነ፣ ጎድኑ እየተሰረጎደ የሚተነፍስ ሕፃን ግን ለፀሐይም ለነገም አይቆይም፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

የሳንባ ምችን መድኃኒት ሊፈውሰው ይችላል። ምቹን የሚቋቋም ደረት የሚሠራው ግን ከሕመሙ ወራት አስቀድሞ፣ በየቤታችን ደጃፍ ነው። አራስ ጠያቂ ዘመድና ጎረቤትም ገንፎውን ቀምሶ ሲመርቅ፣ «ልጁን ፀሐይ አሞቃችሁት?» ብሎ ቢጠይቅ አንድ ደረት ያጠነክራል።