የቈዳ ሕመም የሚገልጠው የተሰወረ ደዌ

የግድግዳው ልስን እየረጠበ የሚረግፍበት ባለቤት፥ ልስኑን ደጋግሞ ከመለጠፍ ይልቅ ውሃው በየት እንደ ገባ ይመረምራል። በሰው ቈዳም ነገሩ እንዲሁ ነው። ስለ ቈዳ ሕመም ወደ ሐኪም ከሚመጡት ሰዎች መካከል፥ ኤችአይቪ በደማቸው ሳለ ይህን ሳያውቁ የሚኖሩ ይገኛሉ። ቅባቱ ቈዳቸውን ለጊዜው ያሽለዋል፤ የውስጡ ደዌ ግን ሥራውን አይተውም።

ይህ ደዌ አስቀድሞ የታወቀው በከፊል በቈዳ ላይ በታየ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒውዮርክና በካሊፎርንያ በሚኖሩ ወጣቶች ላይ፥ ካፖዚ ሳርኮማ የሚባል ወይን ጠጅ መልክ ያለው ዕጢ ወጣ። በዚያ አገር ይህ ዕጢ በወጣቶች ላይ እምብዛም አይታይም ነበርና ሐኪሞች ተደነቁ። ቫይረሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ተገኘ።

በአገራችን ከሚታወቁት ምልክቶች አንዱ አልማዝ ባለጭራ ነው። ጉድፍን ያወጣው ቫይረስ በነርቭ ሥር ተሸሽጎ ይኖርና፥ የሰውነት ኀይል ሲደክም እንደ ገና ይቀሰቀሳል። በአካል በአንዱ ወገን ብቻ እንደ መቀነት ተስቦ ይወጣል፤ ያቃጥላልም። ለሽማግሌ ከዕድሜ ድካም የተነሣ ሊመጣ ይችላል፤ በጎልማሳ ላይ ሲታይ ግን ደምን ማስመርመር ይገባል። በእጅና በእግር ላይ የሚወጣ የማይለቅ የሚያሳክክ ሽፍታ፥ አልድን ያለ ምች፥ በአፍ ውስጥ የሚታይ ነጭ ሽፋንም እንዲሁ ያስጠረጥራሉ።

ዳሩ ግን ቈዳውን የታመመ ሁሉ ኤችአይቪ አለበት ማለት አይደለም። ቈዳን በዓይን አይቶ መፍረድ አይገባም፤ እውነቱን የሚገልጠው የደም ምርመራ ነው፤ ለዚህም ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደም ይበቃል።

ነገሩ የመላው ቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። ደዌው ያለባቸው እናቶች ሕክምና ካላገኙ፥ ከሚወልዱአቸው 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚደርሱት ይያዛሉ፤ ሕክምና ካገኙ ግን ቍጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። መድኃኒቱም በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስደው ሰው ሥራውን እየሠራ፥ ልጆቹን እያሳደገ ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል።

አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ስለዚህ የቤት አባወራና እመቤት፥ በቤታቸው ውስጥ የቈዳ ሕመም የተመላለሰበት ልጅ ወይም ሠራተኛ ቢኖር፥ ሳይነቅፉና ምሥጢሩን ሳያወጡ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ይምከሩት። ደዌው እጅ በመጨባበጥና በአንድ ገበታ በመብላት አይተላለፍምና ከማዕድም አይለዩት።