ከትሬዩ ሥር ያለው ሥራ

ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ቤት ሲከፈት እንግዳውን ቀድሞ የሚቀበለው ሽታው ነው። በሱዳን ካርቱም የካፉሪ ሰፈር ነዋሪዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ብዙዎቹ በራቸውን ቆልፈው ወጡ፤ የሱዳን ጦር ሰፈሩን መልሶ የያዘው የካቲት 2017 መግቢያ ላይ ነው። ተመላሹ ቤቱን ሲከፍት የኤሌክትሪክ ሽቦው ተመዝዞ፣ ቧንቧው ተነቅሎ፣ መታጠቢያ ቤቱ ፈራርሶ ሊያገኘው ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት ቀድመው ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ሱዳኖች «ሰባክ» ይሉታል፤ ብረት አቅልጦ ቅርጽ ከማውጣት የመጣ ቃል ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜም የተወለደው ከላቲኑ የእርሳስ ስም ነው፤ የሮማውያን ቧንቧ ከእርሳስ ይሠራ ነበርና።

ዛሬ የምናስተዋውቀው ይህ ባለሙያ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱን ነው፤ የሻወር ትሬይ ተከላን። ትሬይ የሚታጠበው ሰው የሚቆምበት፣ ውሃውን ሰብስቦ ወደ ማውረጃው የሚሰድ ዝርግ ገንዳ ነው። በብዛት የሚገኘው 80 በ80 እና 90 በ90 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ከአክሪሊክ፣ ኢናሜል ከተቀባ ብረት፣ ከሴራሚክ ወይም ከሬዚን (ሰው ሠራሽ ሙጫ) እና ከድንጋይ ዱቄት ቅልቅል ይሠራል። አክሪሊክ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሥሩ በደንብ ካልተደገፈ ግን እግር ሲያርፍበት ይለመጣል። የድንጋይ ቅልቅሉ ይከብዳል፤ ቢረግጡት ንቅንቅ አይልም።

ካፉሪ የሚገኘው ሱዳኖች ባሕሪ በሚሏት ሰሜን ካርቱም፣ በጥቁር አባይ ቀኝ ዳርቻ ነው። ስሙም በእንግሊዞች ዘመን እዚያ ሰፊ እርሻ ከነበረው፣ ከሻም አገር ከመጣው ነጋዴ ከአዚዝ ካፉሪ የወጣ ነው። እርሻው በኋላ ተሸንሽኖ የባለጸጎችና የባለሥልጣናት ቪላ ተሠራበት። በካርቱም እንዲህ ባሉ ቤቶች ለዓመታት ያበሰሉ፣ ያጠቡና ያጸዱ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን ብዙ ናቸው። የትኛው ማውረጃ እንደሚዘጋ፣ የትኛው እንደሚሸት ከባለቤቱ ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እዚያ ሻወር ሥራ አይፈታም። ግንቦት ላይ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ቀኑን ሙሉ ሲግል ስለሚውል ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደውም ትኩስ ነው። ሰው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠባል። የሚታጠብበትም ውሃ የአባይ ነው። ወንዙ በክረምት ደለል ተሸክሞ ይወርዳል፤ በማጣሪያው ያለፈ ደቃቅ ደለል ካለ ታንከሩ ሥር ይረጋል፣ የሻወሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ በመጨረሻም ትሬዩ ሥር ባለው ሲፎን ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ለካፉሪ ቤት የሚገዛው ሲፎን ከላይ ተከፍቶ በእጅ የሚጠረግ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

ሲፎን ጎበጥ ያለ የማውረጃ ክፍል ነው። በጉብጠቱ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ ከፍታው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ያ ውሃ እንደ ክዳን ሆኖ የጉድጓዱን ጋዝና በረሮውን ያግዳል። ለንደን ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ካሚንግ በዚህ ዘዴ ለሚሠራ መጸዳጃ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ታዲያ የካርቱም አየር ደረቅ ስለሆነ ማንም ውሃ ያላፈሰሰበት ሲፎን በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፤ ክዳኑ ተነሣ ማለት ነው። የተዘጋው ቤት ሽታ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተመለሰ ሰው ባለሙያ ከመጥራቱ በፊት በየማውረጃው አንድ አንድ ጆግ ውሃ ቢያፈስ ብዙውን ጊዜ ሽታው ይጠፋል።

አማርኛ ተናጋሪ ግን አንድ ነገር ልብ ይበል። በካርቱም «ሳይፎን» የሚባለው ይህ ጎባጣ ቧንቧ ሳይሆን ፍሳሹ መጨረሻ የሚገባበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። የከተማው አብዛኛው ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር ስላልተገናኘ ውሃው ከሴፕቲክ ታንክ ወደዚያ ይወርዳል፤ ጉድጓዱ እስከ ከርሰ ምድር ውሃ ሲደርስም ያንኑ ውሃ ይበክላል። «ሳይፎኑ ተዘጋ» ያለ ኢትዮጵያዊ የ5 ሳንቲ ሜትሩን ማለቱ ይሆናል፤ ሰባኩ የሚሰማው ግን ግቢው ውስጥ ያለውን ጉድጓድ ነው።

ጎበዝ ባለሙያ ሲሠራ አጠገቡ ቆመው ይዩት። መጀመሪያ ትሬዩን ባዶውን አስቀምጦ የማውረጃውን ቦታ በእርሳስ ይከበዋል። ወለሉን ለሲፎኑ በሚበቃ ጥልቀት ይቆፍራል፤ ከዚያም 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እያዘቀዘቀ ይዘረጋል። ብዙ ሰው ትሬዩም ወደ ቀዳዳው ዘንበል ማለት ያለበት ይመስለዋል። የትሬዩ ዘንበል ግን ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ተቀምጦለታል፤ ጠርዞቹ በአራቱም በኩል በውሃ ልክ እኩል መሆን አለባቸው። አጋድሎ የተተከለ ትሬይ ጥጉ ላይ ውሃ ያቁራል።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ነው። ባለሙያው ባልዲ ሙሉ ውሃ በአንዴ ይደፋል፣ በጎኑ ይተኛል፣ በስልኩ መብራት እያየ በደረቅ ሶፍት መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ይዳብሳል። ዓይን ያላየውን ጠብታ ሶፍቱ ያሳያል። ሶፍቱ ከረጠበ መገጣጠሚያው ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል። ደረቅ ከሆነ የአሸዋና የሲሚንቶ ቡኮ በትሬዩ ሥር ሙሉ ለሙሉ ይነጠፋል፤ በአራት ጥግ ጠብ ጠብ ተደርጎ የተተወ ሥራ መሐሉ ባዶ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ባለሙያው ትሬዩን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ እንደ ከበሮ የጮኸበት ቦታ ክፍተት አለው። የግድግዳው ሴራሚክ በትሬዩ ጠርዝ ላይ ይወርዳል እንጂ ከጀርባው አይገባም። ሲሊኮን ከመቀባቱ በፊት ትሬዩ ላይ ክብደት ይቀመጣል፤ አለዚያ ሰው ሲቆምበት ጥቂት ዝቅ ይልና ስፌቱ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ አይነካውም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አይበዛም። በካርቱም አካባቢ የሚበዛው የሸክላ አፈር እንደ አዲስ አበባው መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ትሬይ ሥር ለወራት ጠብ ጠብ ያለ ውሃ ወለሉን አንሥቶ ግድግዳውን ሊተረትር ይችላል። በጥቂት ሶፍት የሚታወቅ ጉድለት የቤት ጥገና ያስከትላል።

ካፉሪም ይኑሩ አዲስ አበባ፣ ሰው ሲቀጥሩ ሦስት ነገር አስቀድመው ይነጋገሩ። ዕቃውን የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ የእጅ ዋጋው ቁፋሮውንና ፍርስራሹን ማውጣት እንደሚጨምር፣ የመጨረሻው ክፍያም ከውሃ ፈተናው በኋላ እንደሚሆን። ቀብድ ሲሰጡ ይህን ቢጽፉት ሁለታችሁንም ይጠብቃል። ጥሩ ባለሙያ በፈተና አይቀየምም፤ ባልዲውን ራሱ ያመጣል።

ትሬዩ ከተተከለ በኋላ የሚታየው ነጩና የሚያብለጨልጨው ፊቱ ብቻ ነው። ገንዘብዎን የከፈሉበት ሙያ ግን ያለው ከሥሩ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ይድረሱ፣ ጎንበስ ብለው ይዩ፣ ፎቶ ያንሡ። አንዴ ከተሸፈነ ሊያዩት የሚችሉት በመዶሻ አፍርሰው ብቻ ነው።